የባሕሩን ሽፍታ አብረን እናሳትመው

የንጉሥ ዘር ሆኖ መሸፈት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘሩን ከነገሥታት የሚቆጥረው ካሳ ኃይሉ በቋራ በረሃ ሸፍቶ ከርሞ ነው፣ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። እኛ ደግሞ ሽፍታውን ወደ ባሕር አውርደነዋል።

በፈቃደኝነት የተሰባሰብን ደራሲዎችና ሰዓሊዎች ነን። ለልጆችና ለወጣቶች የሚሆን ባለ 96 ገጽ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) በአማርኛ እየሠራን ነው። ዓለሙ ምናባዊ ነው፤ ጀግናው ግን ከሜዳ አልተገኘም። ጥንት በግሸን፣ በኋላም በወህኒ አምባ፣ ዙፋን ይመኛሉ ተብለው የተፈሩ የነጋሢ ዘሮች ተራራ ላይ ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። የእኛም ልዑል ያደገው እንደዚያ ዓይነት አምባ ላይ ነው፤ ዙሪያው ግን ባሕር ነው። አንድ ሌሊት የበቅሎ መጫኛ ቀጣጥሎ በገደሉ ይወርዳል። ታች የሚጠብቁት ወንበዴዎች ናቸው። ጀልባቸው ያለ ሚስማር በገመድ የተሰፋ ነው፤ በቀይ ባሕር ድሮ እንዲህ ይሠራ ነበር። ሰዓሊያችን ስፌቱን አንድ በአንድ ስሎታል። ደስ ይላል!

ወንበዴዎቹም ቢሆኑ መነሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ702 ከሐበሻ ምድር የተነሡ የባሕር ወንበዴዎች ጅዳን ዘርፈዋል። ከዚያ በኋላ ነው የዚያን ዘመን የሙስሊሞች ገዢዎች የነበሩት የኡመያ ኸሊፋዎች በቀይ ባሕር ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች የያዙት። ይህን የሰማ ልጅ ስንት አለ?

ጽሑፉ አልቋል፣ ሥዕሉም ሊያልቅ ነው። የጎደለን የማተሚያ ገንዘብ ነው። የወረቀት ዋጋ አይቀመስም፤ ባለቀለም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጥቁርና ነጭ ማተም ይቻላል፤ ልጆች ባሕሩን ከነቀለሙ እንዲያዩት ግን በጣም እንፈልጋለን።

የምናትመው 1000 ቅጂ ነው። ግማሹ በነጻ ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። ግማሹ ተሸጦ ክፍል ሁለትን ያሳትማል። ለራሳችን ሳንቲም አንወስድም፤ ገቢና ወጪውንም ላዋጣ ሁሉ በየወሩ እናሳውቃለን።

50 ብርም ብትሆን ታግዛለች። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለልጆቻችን የሚነበብ አማርኛ አጣን ስትሉ እንሰማለን፤ መጽሐፉ ለእነሱም ነው። ማተሚያ ቤት የምታውቁ አገናኙን። ምጽዋና አሰብ በባሕር ኃይል ያገለገላችሁ አባቶቻችን ደግሞ፣ እባካችሁ ረቂቁን አንብባችሁ አርሙልን። ስለ ማዕበሉና ስለ መልሕቁ የጻፍነውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅልን የለም።