ባሌስትራ ስትደርቡ የፍሬኑን ዘንግ እዩልኝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን ስለታደሱ አሮጌ ፎር ዊል መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ከፍ ከፍ ያሉ ላንድክሩዘሮች፣ ሰፋፊ ጎማዎች፣ ጣራ ላይ የተደረደሩ መብራቶች። ወጣቶቹ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ያደሷቸው መሆኑ ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ልወቅሳቸው አይደለም። ግን በጽሑፉ ውስጥ "ፍሬን" የሚል ቃል ብፈልግ አንድ ቦታ እንኳ አጣሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 62 ዓመቴ ነው። ከ1983 እስከ 2010 ዓ.ም. የግብርና ባለሙያዎችን ሳመላልስ ኖሬያለሁ። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ አንኮበር፣ አልዩ አምባ፣ ያልረገጥኩት ጭቃ የለም። መጀመሪያ የተሰጠኝ ባለ 109 ኢንቹ ላንድሮቨር ነበር። ሰዎች "ላንድሮቨር አይዝግም" ይላሉ። ላሜራው አሉሚኒየም ስለሆነ እውነት አላቸው። ሻንሲው፣ ከሥር ሁሉን የተሸከመው አጽም ግን ብረት ነው። ከላይ አምሮ ከሥር የተበላ ላንድሮቨር ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ ላንድክሩዘር ተሰጠኝና እስከመጨረሻው በሱ ሠራሁ።

ሥራ ስለቅ ያጠራቀምኩትና የእቁብ ብሬ ተደምሮ ከጨረታ አንድ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ ነው። አፋር ውስጥ በእርዳታ ሥራ ያረጀ መኪና ነበር። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ፣ አየር ገፍቶ ጉልበት የሚጨምረው፣ የሌለው። ሹፌሮች "ዋን ኤች ዜድ" የምንለው። ፊቱም ኋላውም የተቀመጠው በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ነው። ቶዮታ የፊቱን ወደ ጥምዝምዙ ሞላ የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የእኔ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ዓላማዬ ሰው ማመላለስ ነበር። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች አሉት። ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ፣ የዕቃ መጫኛ አለው። ገበያ ቀን ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሰውም እህልም ይዤ እወርዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደጋው አፋፍ ተነስቶ ወደ ቆላው የሚወረወር ነው።

እድሳቱን የጀመርኩት ከሞተሩ ነው። የሞተሩ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ስላልነበረ ወዲያው አስቀየርኩት። ፋብሪካው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል። እሱ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። አንድ ወጣት መካኒክ "ጋሼ፣ ተርቦ እንግጠምበትና ዳገቱን ይብረርልህ" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ይህ ሞተር ያለ ተርቦ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ናፍጣው ጨምሮ ሙቀቱ ሲበዛበት ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ይሰነጠቃል። ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ነው፤ ዳገት ላይ ትንሽ ቢያዘግም ምን ይሆናል?

የፊት ጎማዎቹን እግር ፈታን። ዘይት የሚያግደው የውስጡ ላስቲክ አልቆ የዲፈረንሻሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያዞረው) ዘይት ከግራሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሾርባ ቀጥኖ ነበር። ኩሽኔታዎቹን ሁሉ ቀየርን። የጣራው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቦይና የፊት መስታወቱ ዙሪያ በዝገት ተበልቶ ነበር። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ይቀላል። እኔ ግን አስቆርጬ አዲስ ላሜራ አስበየድኩ። ጎማ ላይ ጠባቡን 7.50 በ16 መረጥኩ። የመንዝ መረሬ ሲረጥብ ሰፊ ጎማ ላዩ ላይ ይዋኛል። ጠባቡ ግን ቆርጦ ገብቶ ጠንካራውን መሬት ይይዛል። በዚህ ከወጣቶቹ ጋር ብንከራከር ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነው ስህተቱ። የኋላውን ባሌስትራ አስደረብኩ። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ቅጠል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲሞላና ጣራው ላይ ጭነት ሲጫን ኋላው ይዘቀዝቃል። ሲዘቀዝቅ አያምርም፣ መሪውም ይቀላል፣ ተሳፋሪውም ይፈራል። ሁሉም ሰው ያስደርባል፣ እኔም አስደረብኩ። መኪናው ቀጥ አለ። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። ጭነት ጭኜበት ዞር ብዬ ሳየው ኮራሁበት።

2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። 11 ሰው ከውስጥ፣ ጣራው ላይ ሽንኩርትና ጤፍ ይዤ ወደ አልዩ አምባ እየወረድኩ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ከመንገዱ እኩሌታ አልፈን አንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፣ አሁንም ሰመጠ። የሚቃጠል ሽታ ሸተተኝ። ወደ አንደኛ ማርሽ አወረድኩት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ወደ ተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስገብቼ ግድግዳውን አስደገፍኩት። በሌላው በኩል ያለውን ገደል የማታውቁት ከሆነ መግለጽ አልፈልግም።

ሰው አልሞተም። አንዲት እናት እጃቸው ተሰበረ። እስከ ዛሬ ለበዓል እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። "አንተ ነህ ያተረፍከን" ይሉኛል። እኔ ግን ለዚያ ያበቃኋቸውም እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

መኪናውን አቁመን ሰዎቹ ሲረጋጉ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኩ። የፊቶቹ ቸርኬ ጣት አያስጠጋም። የኋላዎቹ ለብ ያሉ ናቸው። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም።

ጋራዥ ሄጄ የፍሬን ሸራ ቀየርኩ። የፊቱን ፓድ ቀየርኩ። የፍሬን ዘይቱን በሙሉ አስወጥቼ አዲስ አስሞላሁ፣ ምክንያቱም አሮጌ የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚጠጣ ሲሞቅ ቶሎ ይፈላል። ሁሉም ትክክል ነው። ግን ሜዳ ላይ 7 ኩንታል አሸዋ ጭኜ ደጋግሜ ሳቆመው የፊቱ ነደደ፣ የኋላው ቀዘቀዘ። በዚህ ጊዜ ካርቶን አንጥፌ ከሥሩ ተኛሁ።

የኋላው ዲፈረንሻል አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረች ትንሽ የፍሬን ቫልቭ አለች። ከሷ ወጥታ ዲፈረንሻሉ ላይ የምትያያዝ ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ እንዲህ ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን ኋላው ቀላል ነው፤ ፍሬኑ በኃይል ቢይዝ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ ቫልቩዋ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ትቀንሳለች። ጭነት ሲጫን ግን ሻንሲው ይዘቀዝቃል፣ ወደ ዲፈረንሻሉ ይጠጋል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቩዋም ትከፈትና ለኋላው ፍሬን ሙሉ ግፊት ትለቃለች። መኪናው የጫነውን የምታውቀው በመዝቀዝቀዙ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ እንዳይዘቀዝቅ አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ባሌስትራው ተደርቦ ቀጥ ስላለ ቫልቩዋ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብላ ታምናለች። 11 ሰው ቢሳፈርም ባዶ፣ ጣራው በሽንኩርት ቢሞላም ባዶ። የኋላው ፍሬን አያግዝም። የዚያ ሁሉ ክብደት ሸክም ፊቱ ላይ ይወድቃል፣ ፊቱ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እግር ይሰምጣል። በእኔ መኪና ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ባሌስትራው ሲደረብ ዘንጓ አጥራ አልደርስ ስላለች መካኒኩ ፈትቶ በሽቦ አስሯታል። ክፉ ሰው አይደለም። ማንም አላስተማረውም። እኔም 27 ዓመት ስነዳ ያቺን ዘንግ አላውቃትም ነበር።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ ደህና ቫልቭ ከነዘንጓ አገኘሁ። ጋራዡ ውስጥ አንዱ "የተያያዘችበትን ማቀፊያ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብናደርግ ይስተካከላል" አለኝ። ለባዶው መኪና ልክ ነው። ግን የተደረበ ባሌስትራ ከፍታ ብቻ አይደለም፣ ድርቀትም ነው። ጭነት ሲጫን እንደ ፋብሪካው ባሌስትራ አይወርድም፣ ስለዚህ ቫልቩዋ አሁንም ከእውነቱ ያነሰ ታያለች። ስለዚህ የተደረቡትን አራቱንም ቅጠሎች አስወጣሁ። ተሳፋሪ ቀነስኩ። ጣራ ላይ ቀለል ካለ ዕቃ በቀር አልጭንም። ገቢዬ አንሷል። ያንኑ አሸዋ ጭኜ ያንኑ ሜዳ ላይ ስሞክረው የኋላው የፍሬን ታምቡር እንደ ፊቱ ሞቀ። በሕይወቴ በመኪና ሙቀት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አደጋው ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይህ መኪና ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለጥፏል። መርማሪዎቹ አላጭበረበሩም። መኪናው ባዶውን ማሽኑ ላይ ወጣ፣ ባዶውን ፍሬን ያዘ፣ አለፈ። ባዶ ሲሆን ምንም እንከን አልነበረበትም። እንከኑ የሚወጣው ሰው ሲሳፈር ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸውን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። የሕዝብ ማመላለሻ የሆነ አሮጌ ፎር ዊል ሲቀርብላችሁ አንድ ሰው ከሥሩ ይግባ። የባሌስትራውን ቅጠል ይቁጠር። ዘንጓ በቦታዋ መሆኗን ይይ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ባሌስትራ መደረብም እንደ ሞተር ቅያሬ በሰነድ ይያዝ።

ይህ ነገር አሁን የሚቸኩል ይመስለኛል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አክብዶታል። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ውጤቱ ይታየኛል። ገጠሩን የሚያመላልሱት ያሉን መኪኖች ናቸው፣ እነሱኑ እየጠገንን ገና ብዙ ዓመት እንነዳቸዋለን። እያንዳንዱ ባለቤት ደግሞ ብዙ ሰው እንዲይዝለት ባሌስትራ ያስደርባል።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል አለኝ። መኪናችሁን ለማሳመር ከፍ ስታደርጉትም ያቺው ዘንግ ናት የምትሳበው። የእናንተ ሰው ባይጭንም እቃ፣ ድንኳን፣ ውሃ፣ ትርፍ ጎማ ጭናችሁ ታርማበርን ትወርዳላችሁ። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ከመጣጠፋችሁ በፊት አንዴ ከሥር ግቡና እዩልኝ። እጃችሁ ጎበዝ እንደሆነ በፎቶው አይቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ያለ አንድ ወጣት ሹፌር የሱን ሃርድ ቶፕ አመጣልኝ። ኋላው አራት ቅጠል ተደርቦበታል። ከሥሩ ገብተን አየን። ዘንጓ ጭራሽ የለችም፣ ተቆርጣ ወጥታለች። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ ትናንት 14 ሰው ይዤ ነው የወረድኩት" አለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ። አንዱ የእኔ መኪና ቫልቭ ከነዘንጓ ነው፣ ሌላው የልጁ መኪና፣ ዘንጓ መኖር የነበረባት ባዶ ቦታ። ጭቃ ስላለበት በደንብ ላይታይ ይችላል። ቦታ ካላችሁ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አትሙልኝ። ከሥሩ የሚገባ ሰው ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን