ሳጥኗን ሰክተህ ጠብቀኝ

ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትህ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጠፋሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ኤኮሊንክህን አስተካክልልሃለሁ» ብዬህ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ ያን ጊዜ መፍትሔውን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

አሁን አገኘሁት! ጥፋቱ የአንተ አልነበረም። ኤኮሊንክ፣ ያ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን በኢንተርኔት የሚያገናኘን ፕሮግራም፣ በ5198 እና በ5199 ፖርቶች፣ ማለትም የኢንተርኔት በሮች፣ ከውጭ የሚመጣውን መቀበል አለበት። አንተ በራውተርህ ላይ ደጋግመህ ከፈትካቸው፤ ነገር ግን አገልግሎት ሰጪው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስላካፈለው ጥሪው አንተ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ራውተርህ ከውጭ የተቀበለው አድራሻ 100.70 ብሎ ይጀምር እንደ ነበር ታስታውሳለህ? ምልክቱ እሱ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጠን እያየነው አለፈን።

አሁን መዳፍ የምታህል ራውተር ላይ ዋየርጋርድን፣ በኢንተርኔት ውስጥ የተመሰጠረ ዋሻ የሚዘረጋውን ፕሮግራም፣ ጫንኩ። እሷ ራሷ ወደ ተከራየሁት ሰርቨር ትደውላለች፤ ከውጭ በር የሚከፍትላት አትሻም። መንገዱ እንዳይዘጋባት በየ25 ሴኮንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት ትልካለች። በዚያው ዋሻ በ44 የሚጀምር አድራሻ ይገባላታል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአማተር ሬዲዮ ከተመደበው መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩን ከኋላዋ ሰካሁት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች፣ ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው የጥሪ ምልክቴን ሲጠራ ሰማሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መለስኩለት።

ስለ ምስጠራው እንደምትከራከረኝ አውቃለሁ፤ ደንብ አክባሪነትህ መቼ ጠፍቶኝ! ምስጠራው በኢንተርኔቱ ዋሻ ውስጥ ብቻ ነው። በአየር ላይ የሚወጣው ድምፅ እንደ ወትሮው ለሁሉም ግልጽ ነው።

ለአንተም ሁለተኛ ሳጥን አዘጋጅቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ትደርስሃለች። የዋሻውን ምስጠራ ቁልፍ ግን ራስህ አመንጨው፤ የግልና ይፋዊ ሆኖ ጥንድ ነው። የግል ቁልፉ ከሳጥኗ አይውጣ፣ ለእኔም ቢሆን አታሳየኝ። ይፋዊውን ብቻ ላክልኝ፤ ርዝመቱ 44 ሆሄ ነው፣ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት አለበት። ስትገለብጠው ያቺን ምልክት እንዳትዘላት፤ እኔን አንድ ሙሉ ማታ አስለፍታኛለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈርቼ እዚህ ደረስኩ። ሬዲዮህን ሸጥከው? ሸጠኸው ከሆነ ንገረኝ፣ አልቆጣም፤ የእኔን ትርፍ ይዤልህ እመጣለሁ። ካልሸጥከው ግን ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት እጠራሃለሁ።

ወዳጅህ