የጉድጓድ ውሃችንን ስለማስመርመር፦ ቅዳሜ ጠዋት እንገናኝ

ሰላም ጎረቤቶች። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 በእድሩ ቤት እንሰብሰብ። የምንወስነው የጉድጓዶቻችንን ውሃና በዙሪያቸው ያለውን አፈር እናስመርምር ወይ፣ ወጪውንስ እንዴት እንካፈል የሚለውን ነው።

ትናንት ከጓሮዬ የቀዳሁት ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፎ አየሁ። ባልዲው ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ሁለት ጎረቤቶችም እንዲሁ ብለውኛል። ከበላያችን ማደያ አለ፤ የተቀበረ ታንክ ካፈሰሰ ነዳጁ በአፈሩ ሰርጎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከፊሉም ይሟሟል። ግን ሳይመረመር ማንንም አንወንጅል። ከጋራዥ የፈሰሰ ሊሆንም ይችላል።

እስከዚያው አደራ! የሚሸት ውሃ አትጠጡ፣ ምግብም አትሥሩበት። ማፍላት አያድንም፤ ተኑን ቤት ውስጥ እንተነፍሰዋለን። ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (ከማደያው ቤንዚን ጋር ስሙ ብቻ ነው አንድ) ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ እሳት አትለኩሱ፣ ለማየት ብላችሁም አትግቡበት።

ናሙናውን ራሳችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳትቀዱ። አየር በማያስገባ መስታወት ጠርሙስ፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ በበረዶ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ኬሚካሉ ተንኖ ይጠፋል። ባለሙያ ይቅዳው።

ስትመጡ የጉድጓዳችሁን ጥልቀት፣ የተቆፈረበትን ዓመትና ሽታው የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። የጅማ ዝናብ ሳይጠነክር ብንጀምር ጥሩ ነው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ "እመጣለሁ" በሉ። የማይመቻችሁም ውሃችሁ ይሸት እንደሆነ ጻፉልኝ።