የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ተመልሶ ጭቃ የሚሆን ጡብ

መስከረም ላይ የድሮው የመረብ ኳስ ሜዳ የኮንክሪት ንጣፍ ፈርሶ በመኪና ሲጫን ያየች የዘጠነኛ ክፍል አባላችን «መምህር፣ ይህ ተመልሶ ሲሚንቶ ይሆናል?» ስትል ጠየቀችኝ። ፍርስራሹ ተፈጭቶ በጠጠር ምትክ ሊገባ ቢችልም ሲሚንቶው በተለመደው አሠራር እንደ አዲስ ከፋብሪካ መምጣት እንዳለበት ነገርኳት። ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የሠራው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው።

አብዛኞቹ አባላት የሲሚንቶ ፋብሪካ ጉዳት ሁሉ ከነዳጁ ጭስ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። በቤተ ሙከራ የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ በሆነው በኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርገው አረፋው ሲወጣ ካዩ በኋላ ግን ጋዙ ከድንጋዩ ከራሱ እንደሚወጣ ተረዱ። 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲፈርስ 44 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ ኖራ ሆኖ የሚቀረው 56 ኪሎ ግራሙ ብቻ ነው። ጥሬ ዕቃው በምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚሞቅ በዚህ ላይ የነዳጁ ጭስ ይጨመራል። ተማሪዎቹ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ራሳቸው ሠርተው ሲደርሱበት ማየት ትልቅ ደስታ ሰጥቶኛል።

አማራጭ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ የብዙዎቹ አባላት አያቶች የሚኖሩት በጭቃና በጭድ በተመረገ ቤት ነው። አፈር ለከተማም እንደሚሆን ለማሳየት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባው የሕንጻ ኮሌጅ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአፈር ስለሠራው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አስረዳኋቸው።

የመጀመሪያዎቹን ጡቦች በጥቁር አፈር ሠርተን ሲደርቁ ሁሉም ተሰነጣጠቁ። አፈሩን በውኃ በተሞላ ጠርሙስ በጥብጠን ስናስቀምጠው አሸዋው ቀድሞ ዘቀጠ፣ ሸክላው ግን እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በግቢው ጥግ ለም የሆነውን የላይኛውን አፈር ለችግኝ ጣቢያው ለይተን፣ ከሥሩ የወጣውን ቀይ አፈር ከአሸዋና ከጤፍ ጭድ ጋር አቦካነው። በእንጨት ሳጥን ቅርጽ አውጥተን ጥላ ሥር አደረቅነው፤ እሳትም ማገዶም አላስፈለገም።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የባልዲው ሙከራ ነው። ጥቂት ሲሚንቶ የጨመርንባቸው ጡቦች ውኃ ውስጥ አድረው ቅርጻቸውን ሲጠብቁ፣ ያልጨመርንባቸው ሟሙ፤ ያንኑ ጭቃ እንደገና አቡክተን ሌላ ጡብ ሠራንበት። አንዱ ወገን ዝናብ የማይችል ግድግዳ ምን ይጠቅማል ሲል፣ ሌላው ሲሚንቶ የገባበት አፈር እንደ ቀድሞው እንደማይመለስ አስረዳ። እኔ ያዘነበልኩት ወደ ሁለተኛው ነው፤ ግድግዳን ከዝናብ መጠበቅ በቅድሚያ የመሠረትና የጣሪያ ሥራ ነውና። በመጨረሻም ለችግኝ ጣቢያው ያቆምነውን አጭር ግድግዳ ያለ ሲሚንቶ ሠርተን ከድንጋይ መሠረት ላይ አስነሣነው፤ ቆርቆሮውንም ወደ ውጭ አርዝመን ከደንነው።

በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ አራት አባላት በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ እየመጡ ግድግዳው በዝናብ ምን ያህል እንደተሸረሸረ በማስመሪያ ለክተው በክበቡ መዝገብ ያሰፍራሉ። ለጥገና የሚሆን የቀይ አፈር ክምርም በሸራ ተሸፍኖ ከጎኑ ተቀምጧል።