የአይሲቲ ክበብ በ2017፦ ኢንተርኔት የተከለከለችው ኮምፒዩተር

መስከረም ላይ ስንመዘገብ 41 ነበርን። ለገና ስንደርስ 13 ቀረን። ይህ የእኛ ክበብ ብቻ ችግር አይደለም፤ የሚኒ ሚዲያው መምህር ምስክሬ ነው። አብዛኞቹ የመጡት ዋይፋይ ይሰጠናል ብለው ነው። እንደማይሰጥ ሲያውቁ ረቡዕ ከሰዓት ሌላ ጉዳይ በዛባቸው።

ያቀድነው የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት መሥራት ነበር። አልሠራንም። ዓመቱን ከአንዲት የሪከርድ ቢሮ ኮምፒዩተር ጋር ስንታገል ከረምን። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ክበቡን ከያዝኩ ወዲህ ልጆቹ ይህን ያህል የተማሩበት ዓመት አላስታውስም።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የሁሉም ክፍል ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች የውጤት መዝገብ፣ ያለው እዚያች ኮምፒዩተር ላይ ነው። ያቺው ኮምፒዩተር ፊልም ይወርድባታል፣ ጌም ይጫንባታል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኢሜይል ይከፈትባታል። አንድ ጠዋት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ምልክት ብቻ) ሆነው ተገኙ። እውነቱን ለመናገር ያ ከፍላሽ የመጣ ቫይረስ እንጂ የኢንተርኔት አልነበረም። ፋይሎቹም ተደበቁ እንጂ አልጠፉም፤ አወጣናቸው። ርዕሰ መምህራችን ግን በጣም ደነገጡ። አስጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ "ይህቺ ኮምፒዩተር ከዛሬ ጀምሮ ኢንተርኔት እንዳታይ። ግን ፕሪንት ታድርግ። እኔም ከቢሮዬ ሆኜ ፋይሉን ልክፈት።"

ለልጆቹ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። "ቲቸር፣ ሰብረን ልንገባ ነው?" አለ አንዱ። አይደለም። ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ አስጻፍን፤ ማኅተም ተመታበት። የውጤት ፋይል ተማሪ እንዳይከፍትም ተስማማን። ኪቦርዱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እነሱ ከኋላዬ ቆመው ያዛሉ። ትዕዛዙ ደግሞ ሲበዛ!

ኔትወርካችን ትንሽ ነው። አንድ ራውተር (ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘን መሣሪያ)፣ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች (የሁሉም ገመድ የሚሰካበት)፣ ስድስት ኮምፒዩተርና አንድ የጋራ ፕሪንተር። የመጀመሪያው ሐሳብ ገመዱን መንቀል ነበር። ነቀልነው። ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ፕሪንተሩም አብሮ ጠፋ። የሪከርድ ቢሮዋ እትዬ ፍላሽ ይዘው ከቢሮ ቢሮ መዞር ጀመሩ። የሸሸነው ደግሞ ፍላሹን ነበር። በማግስቱ መልሰን ሰካነው።

ሁለተኛው ዘዴ የጌትዌይ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ግቢ ሣልኩላቸው። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ስኳር ለመበዳደር የውጭው በር አያስፈልጋቸውም። ገበያ ለመሄድ ግን በሩ የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው። ለኮምፒዩተር በሩን የሚነግራት ጌትዌይ የሚባለው ቁጥር ነው፤ በእኛ ቤት 192.168.1.1፣ ማለትም ራውተሩ። እንግዲህ ኮምፒዩተሯ አድራሻዋን ራሷ ከራውተሩ እንዳትቀበል አድርገን በእጃችን ሞላንላት። 192.168.1.5 አልናት። የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ተውነው። ፕሪንተሩ አተመ። የርዕሰ መምህሩ ፎልደር ተከፈተ። ብሮውዘሩ ግን እየዞረ ቀረ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ያዧ ደመወዝ እየሠሩ ሳለ "አይፒ ኮንፍሊክት" (የአድራሻ ግጭት) የሚል ማስጠንቀቂያ መጣባቸውና ኔትወርካቸው ተቋረጠ። ለካ ራውተሩ ያንኑ 5 ቁጥር ለእሳቸው ኮምፒዩተር አድሎታል። ለሁለት ሰው አንድ የቤት ቁጥር እንደመስጠት ነው። የሪከርድ ቢሮዋን ራውተሩ ለማንም ወደማያድለው ቁጥር አዛወርናት። ችግሩ ተፈታ። ገንዘብ ያዧ ግን እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ "ዛሬስ ምን ልትነቅሉ ነው?" ይሉኛል።

ጥር ላይ ፕሪንተር ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ሴቲንጉን ወደ "አውቶማቲክ" መለሰው። ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ማንም አልነገረን፤ ያወቅነው አዲስ ፊልም ዴስክቶፑ ላይ ስናይ ነው። ያኔ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ እኛ እኮ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ነው ያደረግነው" አለች። ልክ ነበረች። ክልከላው ኮምፒዩተሯ ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ መሆን ነበረበት።

ራውተሩን ከፈትን። የይለፍ ቃል ጠየቀ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ "አድሚን፣ አድሚን ብለው ይሞክሩት" አለኝ። ሞከርኩት። ገባ፤ ከፋብሪካ የመጣበት ቃል ጭራሽ አልተቀየረም። ለጥቂት ሰከንድ ዝም ተባባልን። ይህን ያህል ጊዜ ዋይፋዩን የሚያውቅ ሁሉ የትምህርት ቤቱን በር መክፈትና መዝጋት ይችል ነበር ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን ቀየርን፤ በፖስታ አሽገን ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ አስገባነው። ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ትልቁ ይህ የአምስት ደቂቃው ሳይሆን አይቀርም።

ራውተሩ ኮምፒዩተርን የሚለየው በማክ አድራሻ ነው። አይፒ ሊቀየር የሚችል የወንበር ቁጥር ነው ካልን፣ ማክ ደግሞ የኮምፒዩተሯ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መታወቂያ ነው፤ 12 ቁጥርና ፊደል፣ የመጀመሪያዎቹ 6 አምራቹን የሚናገሩ። አንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ገልብጦ አመጣው። ስናስገባው ራውተሩ እምቢ አለ። ዜሮውን "ኦ" ብሎ ጽፎታል፤ ማክ ውስጥ ደግሞ ከኤ እስከ ኤፍ እንጂ ኦ የለም። አረምነው፤ ተቀበለ። ኢንተርኔቱ ግን እንደበፊቱ ይሠራል። አንድ ሙሉ ረቡዕ ፈጀብን። ኮምፒዩተሯ ሁለት ካርድ አላት፣ የገመድና የዋይፋይ። ልጁ የገለበጠው የዋይፋዩን ነበር፤ እሷ የምትጠቀመው በገመዱ ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም አስገባን።

ማገጃው ያለበት የራውተሩ ክፍል ስም "ፓረንታል ኮንትሮል" ነው። እትዬ ከጎኔ ቆመው ነበርና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። "የወላጅ ቁጥጥር" አልኳቸው። "ልጅየዋ እንግዲህ እኔ ነኛ!" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። ከኅዳር ጀምሮ ያንን ቢሮ ስንገባበትና ስንወጣበት አንድ ቀንም ኢንተርኔቱን ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ መጣ። አንቲቫይረሱ መታደስ ስላለበት ዓርብ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ኢንተርኔቱ እንዲከፈት ተስማማን። ራውተሩ የጊዜ ሰሌዳ ይቀበላል። የክበቡ ጸሐፊ 8:00 እስከ 10:00 ብሎ ሞላ፤ እኔም አይቼ አጸደቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ "ዓርብ ጠዋት ስገባ ይሠራል፣ ከሰዓት ይጠፋል፤ ገልብጣችሁታል እንዴ?" አሉ። ገልብጠነዋል! የራውተሩ 8:00 የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 14:00 እስከ 16:00 መባል ነበረበት። በሕይወት ዘመኔ ሁሉ ሁለቱን ሰዓት ሳቀያይር ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ 6 መጨመር ረሳሁ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ የታተሙ ወረቀቶች ላይ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን መውጣት ጀመረ። ኮምፒዩተሯ ስትጠፋ ሰዓቷን የሚይዝላት የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ያቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልቱ ሲአር 2032። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀድሞ ኢንተርኔቱ በስውር ያስተካክልላት ስለነበር ማንም አላወቀም። ባትሪው ተቀየረ።

ሌላውን ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለመምህራን የአማርኛ ታይፕ አሠለጠንን። በፓወር ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ) የተጻፉ የድሮ ፈተናዎችን ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ በየኮምፒዩተሩ ወደሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ለመቀየር ጀምረን ግማሽ ላይ ቆመናል። የጉብኝት ፕሮግራማችን በመኪና እጦት ተሰረዘ።

ወደ ኮምፒዩተሯ ልመለስ። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ የአዲሱን ባትሪ ሰዓት ሊያይ ሄዶ እየሮጠ ተመለሰ። "ቲቸር፣ ኢንተርኔት ይሠራል!" ራውተሩን አየሁት፤ ክልከላው እንዳለ ነው። ቢሮ ስሄድ የእትዬ ስልክ በገመድ ኮምፒዩተሯ ላይ ተሰክቷል። ቻርጅ የሚደረግ ይመስላል። ለካ ስልኩ ዳታውን እያጋራት ነው፤ በእኛ ራውተር ጭራሽ አያልፍም። ልጃቸው ናት ያሳየቻቸው።

አልተደበቁም። ፎርም በቴሌግራም ይላካል፣ ዛሬውኑ ሞልታችሁ መልሱ ይባላል። ዓርብን ማን ይጠብቃል? ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚመጣውን ሥራ በገዛ ጥቅላቸው ሲሠሩት ከርመዋል። ወንዶቹ ልጆች ስልክ ሲሰካ ዳታ እንዳያልፍ ዊንዶውስ ላይ እንዝጋው አሉ። ይቻላል። እኔ ግን አልፈቀድኩም።

በምትኩ ከላይብረሪ ስቶር አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር አወጣን። ራሟን (የሥራ ማኅደረ ትውስታዋን) ከ2 ወደ 4 ጊጋ አሳደግን፤ አቧራዋን ጠረግን፤ ከእትዬ ጠረጴዛ ጎን አስቀመጥናት። እሷ ኢንተርኔት ታያለች፣ ሮስተር የለባትም። ሮስተር ያለባት ኢንተርኔት አታይም። ፎርም የሚተላለፈው በአንዲት የጋራ ፎልደር ብቻ ነው፤ አንቲቫይረሱ ይፈትሻታል። ከዚያ ወዲህ የእትዬ ስልክ የሚሰካው ግድግዳው ሶኬት ላይ ነው።

ከ13ቱ አባላት አራቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ስለሆኑ ይለቁናል። ስለ መቀርቀሪያው የተናገረችው ልጅ የ2018 ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች። ዌብሳይቱን አሁንም እቅድ ውስጥ አስገብታዋለች። ከገዛናቸው ባትሪዎች ሁለቱ ተርፈዋል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።