ቀረጡ ሲዋዥቅ መርከቡ ምን ይሆናል?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን በክፉ እንደማታየው ተስፋ አደርጋለሁ። ከቻይና ወደ ሎስ አንጀለስ ዕቃ ማስመጣት እንደጀመርክ ስሰማ ግን አላስቻለኝም።

የመርከብ ሥራን ከቀረጡ መክበድ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው አዲስ ቀረጥ 145 በመቶ ሲደርስ አስመጪው ትዕዛዝ አቆመ፣ የመርከብ ድርጅቶችም ጉዞ ሰረዙ። ሜይ 14 ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ቦታ ልያዝ አለ፤ የማጓጓዣ ዋጋውም ተተኮሰ። ወደ ሌላ መስመር የተዛወረ መርከብ በማግስቱ አይመለስማ! ከቻይና የሚመጣው ሙሉ ኮንቴይነር ሲቀንስ የአሜሪካ ላኪም የሚጭንበት ባዶ ኮንቴይነር ያጣል።

ባሕር ላይ ያለ ጭነት መከራው የባሰ ነው። በጁላይ 2018 ፒክ ፔጋሰስ የተባለችው መርከብ 70,000 ቶን ገደማ የአሜሪካ አኩሪ አተር ይዛ ዳሊያን የተባለው የቻይና ወደብ የደረሰችው የቻይና 25 በመቶ ቀረጥ በጀመረበት ዕለት ነበር። እስከ ኦገስት ሳታራግፍ ባሕር ላይ ስትንገላታ ቆየች፤ የመርከብ ኪራይ ደግሞ በቀን ነው የሚቆጠረው።

ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ ጸቡ ወደ መርከቦቹ ራሳቸው ዞረ። አሜሪካ የቻይና ኩባንያ ንብረት በሆነ መርከብ ላይ በኔት ቶን (የመርከቡ የጭነት ቦታ መለኪያ ነው) 50 ዶላር ክፍያ ጣለች፤ 60,000 ኔት ቶን ላለው በአንድ ጉዞ 3 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ቻይናም በዚያው ቀን በአሜሪካ መርከቦች ላይ በኔት ቶን 400 ዩዋን አለች። ኖቬምበር 10 ሁለቱም ለአንድ ዓመት አገዱት። መታገድ ግን መሰረዝ አይደለም።

አንተን የሚነካው የጉምሩክ ቦንዱ፣ ማለትም ቀረጡ እንደሚከፈል ለአሜሪካ ጉምሩክ የምታስይዘው ዋስትና ነው። የዓመቱ ቦንድ ባብዛኛው በ12 ወር ከከፈልከው ቀረጥና ክፍያ 10 በመቶው ሲሆን ዝቅተኛው 50,000 ዶላር ነው። ስለዚህ የዓመት ቀረጥህ ከ500,000 ካለፈ ዝቅተኛው አይበቃህም። ቦንዱ ካነሰ ዕቃው ወደብ ላይ ይያዛል፣ ዲመሬጁም (ዕቃው ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ወደብ ላይ ሲቆይ የሚከፈለው) ይቆጥራል። ቦንድድ መጋዘን (ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚቀመጥበት) ካስገባህ ቀረጡን የምትከፍለው ስታወጣ ነው፤ በዕለቱ ተመን ነውና ቢጨምርም ያንተው ዕዳ ነው።

ቀጣዩን ቡኪንግ (የመርከብ ቦታ መያዣ) ከመዝጋትህ በፊት የ12 ወር የቀረጥ ድምርህንና የቦንድህን መጠን ላክልኝ፤ አብረን እናስላው።

ወንድምህ