ሐረጎን ከመውረድ በፊት 5 ደቂቃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የምሠራ ሹፌር ነኝ። መስመሩ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን ተራ እስኪደርሰኝ መናኸሪያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፊት እስከ ኋላ እጨርሰዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በጤና ገጻችሁ ስለ ጠዋት አተነፋፈስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ምክንያት ነው። ጠዋት ተነስቶ በኃይልና በፍጥነት 50 ጊዜ መተንፈስ አንጎልን በኦክስጅን ይሞላል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ቀኑን ሙሉ ያነቃል ይላል። ጠዋት ላይ ለትንፋሽ ጊዜ ስጡ ማለታችሁን ወድጄዋለሁ። አሠራሩ ግን ልክ አይደለም፤ መሪ ለሚይዝ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ጉሙ ወርዶ የጦሳ ተራራ አይታይም። ብርዱን የደሴ ሰው ያውቀዋል። ሞተር እያሞቅሁ፣ ረዳቴ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ሰው ሲጭን፣ እኔ መሪዬ ላይ ሆኜ ጽሑፋችሁ እንዳለው በአፌ አየር መሳብና ማስወጣት ጀመርኩ። 20 ላይ ደስ አለኝ፣ ሙቀት ተሰማኝ። 30 ላይ ጣቶቼን ወረረኝ። ከዚያ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ራሴን አዞረኝ፣ የፊት መስታወቱ ብዥ አለብኝ። ረዳቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ሞልቷል፣ እንሂድ» ሲለኝ መልስ መስጠት አቃተኝ። ወርጄ ጎማው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጋቢና የተቀመጡ አንዲት እናት ውኃቸውን ይዘው ወረዱና «አብሽር ልጄ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» አሉኝ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመለስኩ። አልሐምዱሊላህ፣ መኪናው ቆሞ ነበር። ያ ነገር ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ አንዱ መታጠፊያ ውስጥ፣ ከታች ከባድ መኪና እየመጣ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት፤ እኔ እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይርበተበታል፣ ምክንያቱም በመኪናዬ ውስጥ የሰው እናት፣ የሰው ልጅ ነው ያለው።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ግን ነገር ታውቃለች። ጣት ላይ የምትቆነጥጠዋን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አደረገችልኝ። 95 በመቶ አለ። «አሁን ሦስት አራት ጊዜ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ» አለችኝ። ተነፈስኩ። 96 ሆነ። «አዩ ጋሼ፣ ደምዎ ቀድሞውንም ጠግቧል። ዋንጫው ከሞላ በኋላ ቢቀዱበት ይፈሳል እንጂ አይጨምርም» አለችኝ።

ታዲያ ምን አዞረኝ? አብዝቼ ያስወጣሁት የተቃጠለ አየር ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው። እኛ ቆሻሻ ብቻ ይመስለናል። ለካ ሰውነት በልኩ ይፈልገዋል። ሰው በኃይልና ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፣ እሱ ሲወርድ ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ለአንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል ማለት ነው። ልንቃ ብዬ የተነሳሁት ሰውዬ ራሴን ወደ መሳት እየሄድኩ ነበር። የጣት መውረሩም የከንፈር መደንዘዙም ከዚያው የመጣ ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ገደማ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ስወርድ ጆሮዬ ጧ ሲል የሚሰማኝ ለዚህ ነው። እውነት ነው፣ እዚህ ላይኛው አየር ሳሳ ይላል፤ ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ እኛ ደሴዎች አየር አብዝተን መሳብ አለብን ብዬ ነበር የማስበው። ነርሷ ግን እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፣ አየር አብዝቶ መሳብ አያስፈልገውም ብላ አስረዳችኝ።

አሁን የማደርገውን ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን አልተውኩትም። ሱብሂ ሰግጄ መናኸሪያ እደርሳለሁ። ሞተር ሳላስነሳ፣ የጭስ ማውጫ ከሌለበት በኩል፣ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ቀጥ አደርጋለሁ። አንድ እጄን እምብርቴ ላይ አኖራለሁ። አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ እስባለሁ፣ ሆዴ እጄን ወደ ፊት ይገፋዋል። ትከሻዬ ከተነሳ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠርኩ በቀስታ አስወጣለሁ። አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ ይሆናል፣ በደቂቃ 6 ማለት ነው። አዋቂ ሰው ቁጭ ባለበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። የምቆጥረው ተስቢህ እንደምናደርገው በጣት አንጓ ነው፤ በአንድ ጣት ሦስት፣ በአንድ እጅ 15፣ በሁለቱ 30። 30 ሲሞላ 5 ደቂቃ አለቀ። ሰዓት ማየት የለ፣ ስልክ መክፈት የለ።

በአፍንጫ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የደሴ የጠዋት ብርድ በአፍ ሲገባ ጉሮሮ ይቆርጣል። አፍንጫ ግን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ አቧራውን ይይዘዋል።

ማስወጣቱ ለምን ከመሳቡ ይረዝማል ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የእጃችሁን የደም ሥር ይዛችሁ ሞክሩት። ስትስቡ ልብ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ስታስወጡ ቀስ ይላል። ቬገስ የሚባል ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርድ ነርቭ አለ፣ ልብን የሚያዘገየው እሱ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በፈረንጆቹ 2023 ከአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አንብባልኛለች። ሰዎች ለአንድ ወር ያህል በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ነው የተለማመዱት። ከሁሉም በላይ ስሜታቸው የተሻሻለው ማስወጣቱን የሚያስረዝሙት ናቸው። ጥናቱ ስለ ስሜትና ስለ መረጋጋት እንጂ ስለ ጉልበት አይደለም፣ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። እኔም ጉልበት ጨመረልኝ አልልም። ልቤን ይሰበስብልኛል። ትናንት ከተራ አስከባሪው ጋር የተጣላሁት፣ የዘይት ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ነገር ሐረጎ ላይ አብሮኝ ይወርድ ነበር፤ አሁን ስወርድ የማየው መንገዱን ነው። ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ቶሎ ይታየኛል። ቡናዬን ግን አልተውኩም፣ እሱ በቦታው አለ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጽሑፋችሁ «ቤታችሁ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ» ይላል። በእኛ ከተማ ሞቅ ያለ ቦታ ማለት ከሰል ያለበት ክፍል ነው። ምሽት ቡና የተፈላበት ከሰል አመዱ ስር እንደጋመ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ያድራል። ጠዋት ራስ ምታት ይዞን ስንነሳ ብርድ ነው እንላለን። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሰው ይገድላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አየር በረጅሙ መሳብ መርዙን በረጅሙ መሳብ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ምድጃው ይውጣ፣ መስኮቱ ይከፈት። ካልሆነ ጋቢያችሁን ደርባችሁ በረንዳ ላይ ውጡ፣ ብርዱ አይገድልም።

ለባልደረቦቼም ይህን ጻፉልኝ፦ ትንፋሽ እንቅልፍን አይተካም። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣ ወይም በጫት ምርቃና ያነጋ ሹፌር 5 ደቂቃ ቢተነፍስም ዓይኑ መከደኑ አይቀርም። እኔ ዓይኔ ከከበደኝ ተራዬን ለሌላ እለቃለሁ። ያንን ቀን ገቢዬ ይቀንሳል፣ ያማል፣ ግን እለቃለሁ። ደግሞ ልምምዱን እየነዳችሁ አታድርጉት፣ መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ 50 ጊዜ በፍጥነት ያላችሁትን አርሙ። ሁለተኛው፣ አስም ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴት ይህንን ቢያደርጉ እንዴት ነው የሚለውን ሐኪም ጠይቃችሁ አውጡልን፤ የረዳቴ እናት አስም አለባቸው፣ ልጃቸው ሲያደርግ አይተው «እኔስ?» ብለው ጠይቀውኛል፣ መልስ አልነበረኝም። እርማቱን ጉልህ ባለ ፊደል አድርጉት። የድሮውን ጽሑፋችሁን ቆርጠው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፣ ጠዋት ጠዋት እሱን እያነበቡ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ ሦስት ሹፌሮች አውቃለሁ። አዲሱ ሲወጣ በላዩ ላይ እኔ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር፣ ከደሴ